ክላውድ ላይ ለተጫነ ኤፒአይ አስተዳደርና ክትትል መጨመር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ሐዋሳ ውስጥ ሁለት ሦስት ሆነው ሶፍትዌር ለሚሠሩ ቡድኖች የተዘጋጀ ነው። ኤፒአዩ (አፑና ሰርቨሩ የሚነጋገሩበት መግቢያ) ክላውድ ላይ ተጭኗል፣ አፑ ለደንበኛ ተሰጥቷል፣ ሥራ ተጀምሯል። እዚህ የምናወራው ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ነው። ምሳሌው ባብዛኛው የሆቴል አልጋ መያዣ ኤፒአይ ነው፤ ለከተማችን የሚቀርበው እሱ ስለሆነ። የባጃጅ ጥሪ ወይም የዓሣ ሽያጭ ለምትሠሩም ነገሩ ያው ነው።

ኤፒአዩ ይሠራል፤ ደንበኛም አላማረረም። ታዲያ ክትትል ለምን ያስፈልጋል?

ደንበኛ አላማረረም ማለት ችግር የለም ማለት አይደለም። አልጋ ሊይዝ የሞከረ እንግዳ አፑ ከተንቀራፈፈበት ደውሎ አይወቅሳችሁም። ዝም ብሎ ሌላ ሆቴል ይሄዳል። ወሬው እናንተ ጋ የሚደርሰው የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ "ከጠዋት ጀምሮ አንድም አልገባም" ብላ ስትደውል ነው። እስከዚያ ግማሽ ቀን ሄዷል።

አንድ መለኪያ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ፦ ብልሽቱን መጀመሪያ ያወቀው ማነው? እናንተ ከሆናችሁ ክትትላችሁ ይሠራል። ደንበኛው ከሆነ፣ ዳሽቦርዱ (ግራፎቹ የሚታዩበት ገጽ) ምንም ያህል ቢያምር ክትትል የላችሁም።

ማስተዳደርና መከታተል አንድ አይደሉም?

አይደሉም። ማስተዳደር ማለት ማን፣ በምን ፈቃድ፣ ምን ያህል ጊዜ ኤፒአዩን መጥራት እንደሚችል መወሰን ነው። መከታተል ደግሞ በተግባር እየሆነ ያለውን ማየት ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በሩ ላይ ነው። ጥያቄ ሁሉ በአንድ በር ካለፈ መቆጣጠሩም መቁጠሩም ይቀላል። ያ በር ኤፒአይ ጌትዌይ ይባላል።

ጌትዌዩ በትክክል ምን ይሠራልኛል?

ከሰርቨራችሁ ፊት ይቆማል። የመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ ኪዩን ወይም ቶክኑን (የጠያቂውን ማንነት የሚያሳየውን የምስጢር ቁልፍ) ያረጋግጣል፣ ከገደብ ያለፈውን ይመልሳል፣ የቀረውን ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ያለፈውን ሁሉ ይመዘግባል። እነዚህን በየኤፒአዩ ኮድ ውስጥ ደጋግሞ መጻፍ ይቀራል። አንድ ሆቴል ውሉን ሲያቋርጥ ኪዩን ጌትዌዩ ላይ መዝጋት ብቻ ነው፤ ኮድ አይነካም።

አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ። ጌትዌይ አስገብታችሁ የሰርቨሩን የድሮ አድራሻ ለዓለም ክፍት ከተዋችሁት ምንም አልሠራችሁም። አድራሻውን የሚያውቅ ሰው በጓሮ ይገባል፤ አይቆጠርም፣ አይገደብም። ሰርቨሩ ከጌትዌዩ ውጭ ከማንም ጥያቄ እንዳይቀበል በፋየርዎል ወይም በግል ኔትወርክ ይዘጋ። ከዚያ ከራሳችሁ ስልክ በድሮው አድራሻ ሞክሩት። መልስ ከሰጠ አልተዘጋም።

የትኛውን ልምረጥ?

ኤፒአያችሁ የተጫነበትን ክላውድ ጌትዌይ ውሰዱ። አዙር ላይ ከሆናችሁ ኤፒአይ ማኔጅመንት አለ። ኮንሰምፕሽን በሚባለው ደረጃ በወር የመጀመሪያው 1 ሚሊዮን ጥሪ ነፃ ስለሆነ ለትንሽ ቡድን ይበቃል። ዴቬሎፐር የሚባለው ደረጃ ለመሞከሪያ ብቻ ነው፤ የአገልግሎት ዋስትና የለውም፣ እውነተኛ ደንበኛ አታስገቡበት። አማዞን ላይ ኤፒአይ ጌትዌይ አለ። በራሳችሁ ሰርቨር ማስኬድ ከፈለጋችሁ ኮንግ ነፃና ክፍት ነው፤ ግን እሱን ማደስና መጠበቅም የእናንተ ሥራ ይሆናል። ለሁለት ሰው ቡድን ይህን አልመክርም።

ጌትዌዩ 504 (መልስ በጊዜው አልደረሰም) ይላል፤ ዳታቤዙ ላይ ግን አልጋው ተይዟል። እንዴት ሊሆን ይችላል?

ይህን ጥያቄ በደንብ ብናየው ይጠቅማል፤ ገንዘብ የሚያስከፍል ችግር ነውና።

ጌትዌይ የትዕግሥት ገደብ አለው። የአማዞን ኤፒአይ ጌትዌይ ከሰርቨሩ መልስ የሚጠብቀው፣ ካልተቀየረ በስተቀር፣ 29 ሰከንድ ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ ለደንበኛው 504 ይመልስና ይተወዋል። ሰርቨራችሁ ግን ይህን አያውቅም። የክፍያ አገልግሎቱን መልስ እየጠበቀ ነበር፤ በ35ኛው ሰከንድ መልሱ መጣለት፤ አልጋውን መዘገበ፤ ሥራውን ጨረሰ። እንግዳው "አልተሳካም" የሚል ስላየ እንደገና ተጫነ። አሁን ሁለት አልጋ ተይዟል፣ ሁለት ጊዜ ተከፍሏል።

መፍትሔው ታይምአውቱን (የመጠበቂያ ገደቡን) ማስረዘም አይደለም። ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ አፑ ለእያንዳንዱ የአልጋ መያዝ ሙከራ የማይደገም መለያ ቁጥር ይፍጠርና ከጥያቄው ጋር ይላክ። አይደምፖተንሲ ኪይ የሚባለው ይህ ነው። ሰርቨሩ ያንኑ ቁጥር ዳግመኛ ካየ አዲስ አልጋ አይዝም፤ የመጀመሪያውን መልስ ይመልሳል። ሁለተኛ፣ ክፍያ የሚጠብቅ ሥራ እንግዳውን አያስጠብቅ። ሰርቨሩ ጥያቄውን ተቀብሎ ወዲያው 202 (ተቀብያለሁ፣ ገና አልጨረስኩም) ይመልስ፤ አፑ በየጥቂት ሰከንዱ "አለቀ ወይ?" እያለ ይጠይቅ።

ጌትዌዩ ላይ ሪትራይ (እንደገና ሞክር) የሚል ምርጫ ካለም ተጠንቀቁ። መረጃ ለማንበብ ብቻ የሚመጣን ጥያቄ መድገም ጉዳት የለውም። አልጋ የሚይዝ ወይም ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ጥያቄ ግን መለያ ቁጥር ከሌለው በፍጹም አይደገም።

የኤፒአይ ኪዩን ሞባይል አፑ ውስጥ ብናስቀምጠውስ?

ምስጢር መሆኑ ይቀራል። አፑን አውርዶ መፍታት የሚችል ሰው ያገኘዋል። አፑን ለመለየት ይጠቅም ይሆናል፤ ሰውን ለማረጋገጥ ግን እያንዳንዱ ተጠቃሚ ሲገባ የሚሰጠው፣ ጊዜው የሚያልፍ ቶክን ያስፈልጋል።

ሬት ሊሚት (የጥሪ ብዛት ገደብ) በአይፒ አድራሻ ብናደርገው አይቀልም?

ይቀላል፤ ግን እኛ አገር ንጹሐንን ይመታል። ብዙ የሞባይል ዳታ ተጠቃሚዎች በአንድ የጋራ አይፒ ሊወጡ ይችላሉ። የሆቴል ዋይፋይም እንዲሁ ነው። ሙሉ ሎቢ ሰው አንድ አድራሻ ነው። አንዱ ሲያበዛ ሁሉም 429 (ጥያቄ በዛ) ያገኛሉ። ስለዚህ ገደቡ በኪይ ወይም በተጠቃሚ ይሁን። በአይፒ የሚሆነው ገደብ ጥቃት ለመከላከል ብቻ፣ በጣም ሰፋ ብሎ ይቀመጥ።

ለሁሉም አንድ ቁጥር አትስጡ። አልጋ መፈለግ ርካሽ ጥያቄ ነው፤ ላላ አድርጉት። የማረጋገጫ ኮድ በኤስኤምኤስ የሚልከው ግን እያንዳንዱ መልእክት ይከፈልበታል። እሱን በስልክ ቁጥር አጥብቃችሁ ያዙ፤ ለምሳሌ በ10 ደቂቃ 3 ጊዜ። ሌሎቹን ገደቦች ከመወሰናችሁ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ሳትከለክሉ ቁጠሩ። ትልቁና ጨዋው ደንበኛችሁ ስንት እንደሚጠራ ካያችሁ በኋላ ከሱ በላይ አድርጉት። 429 ስትመልሱም ከስንት ሰከንድ በኋላ እንደሚሞከር የሚናገረውን ሪትራይ አፍተር ሄደር (ከመልሱ ጋር የሚሄድ ተጨማሪ መረጃ) ጨምሩ።

ምን ምን ልለካ?

አራት ነገር፦ ስንት ጥያቄ ይመጣል፣ ስንቱ ይበላሻል፣ መልሱ ምን ያህል ይቆያል፣ ሰርቨሩና ዳታቤዙ ምን ያህል ሞልቷል። ከነዚህ በፊት ሌላ ግራፍ አትጨምሩ።

የመልስ ጊዜን በአማካይ አትለኩ። 100 ጥያቄ መጣ እንበል። 95ቱ በ0.2 ሰከንድ ተመለሱ፤ 5ቱ 10 ሰከንድ ፈጁ። አማካዩ 0.69 ሰከንድ ነው። ጥሩ ይመስላል። ግን 0.69 ሰከንድ የጠበቀ አንድም ሰው የለም፤ አምስት ሰዎች ደግሞ ተስፋ ቆርጠው ሄደዋል። በዚህ ፈንታ 95ኛውንና 99ኛውን ፐርሰንታይል እዩ። 99ኛው 10 ሰከንድ ካለ፣ ከመቶ አንዱ 10 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

አምስተኛ መለኪያ ልጨምር ካላችሁ የቢዝነሱን ቁጥር ጨምሩ፦ በሰዓት ስንት አልጋ ተያዘ? ሁሉም ጥያቄ 200 (ተሳክቷል) እየመለሰ አንድም አልጋ ላይያዝ ይችላል። አፑ ላይ የ"ያዝ" ቁልፉ ቢበላሽ ሰርቨሩ ምንም ስህተት አያይም።

"ቀርፋፋ ነው" ይሉናል። ጥፋቱ የት እንደሆነ እንዴት እናውቃለን?

በትሬስ። አንድ ጥያቄ ከበሩ ጀምሮ ያለፈበትን ሁሉ፣ በየቦታው ከፈጀው ጊዜ ጋር ያሳያል። ለምሳሌ አንድ የአልጋ መያዝ ጥያቄ 8.4 ሰከንድ ፈጀ እንበል። ትሬሱን ስትከፍቱት ጌትዌዩ 0.02፣ የእናንተ ኮድ 0.06፣ ዳታቤዙ 0.22፣ ኤስኤምኤስ መላኪያው 8.1 ሰከንድ ይላል። ይህን ሳያዩ ዳታቤዙን ሲያስተካክሉ መሰንበት ይመጣል። አሁን ግን ነገሩ ግልጽ ነው፦ ኤስኤምኤሱ እንግዳው መልስ ካገኘ በኋላ፣ ከጀርባ ይላክ።

ለዚህ ኦፕን ቴሌሜትሪን እመክራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኦፕን ትሬሲንግና ኦፕን ሴንሰስ የተባሉ ፕሮጀክቶች ተዋህደው የተፈጠረ ክፍት ፕሮጀክት ነው። ጥቅሙ ኮዳችሁ ከአንድ ኩባንያ ጋር አለመታሰሩ ነው። ዛሬ ወደ አዙር አፕሊኬሽን ኢንሳይትስ የላካችሁትን ነገ ወደ ግራፋና መላክ ትችላላችሁ።

አንድ ትንሽ ነገር፤ አፑ ስህተት ሲያሳይ የትሬሱን መለያ የመጨረሻ ስድስት ፊደልና ቁጥር አብሮ ያሳይ። እንግዳ ተቀባይዋ በስልክ ታነብላችኋለች፤ እናንተ ያንኑ ጥያቄ ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ። "ምን ተጭነሽ ነበር?" የሚለው ክርክር ይቀራል።

ሞኒተሩ አረንጓዴ ነው፤ ሐዋሳ ያለው ደንበኛ ግን አይከፍትልኝም ይላል። ማንን እንመን?

ሁለቱንም። ፍራንክፈርት ወይም ኬፕታውን የተቀመጠ ሞኒተር የሚያየው ከፍራንክፈርት ወይም ከኬፕታውን ያለውን መንገድ ነው። የእናንተ ደንበኛ ከአቶቴ ወይም ከፒያሳ በሞባይል ዳታ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሁለት ዓይን ያስፈልጋል። አንዱ ከውጭ፤ ኤፒአዩ ከተጫነበት ሰርቨር ፈጽሞ የተለየ ቦታ። ሁለተኛው ከዚሁ ከከተማው። ቢሮ ባለች ትንሽ ኮምፒውተር ላይ አፕታይም ኩማ የሚባለውን የክትትል ሶፍትዌር ጭናችሁ በየደቂቃው ኤፒአዩን እንዲጠራ ማድረግ ይቻላል። ከተቻለ አንዴ በኢትዮ ቴሌኮም፣ አንዴ በሳፋሪኮም መስመር።

የውጩ ቀይ ከሆነ ኤፒአያችሁን እዩ። የውጩ አረንጓዴ ሆኖ የሐዋሳው ቀይ ከሆነ መስመሩ ነው። ለደንበኛው ቶሎ ንገሩት፤ ሰርቨር ሪስታርት በማድረግ ጊዜ አትፍጁ። የሐዋሳው ጭራሽ ዝም ካለ ምናልባት ቢሮ መብራት ጠፍቶ ነው። ለዚህ ነው የከተማው ዓይን ብቻውን የማይበቃው።

ሎጉ (የጥያቄዎቹ መዝገብ) ላይ ያለው ሰዓት ግራ ያጋባናል።

ክላውድ ሎግ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከምዕራቡ 6 ሰዓት ይለያል። ሁለቱ ሲደመሩ ሒሳቡ ቀላል ይሆናል፦ ከሎጉ ሰዓት 3 ቀንሱ። ሎጉ 06:00 ካለ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። 18:00 ካለ 15 ይመጣል፤ 12 ስትቀንሱለት ማታ 3 ሰዓት ነው።

እንግዳ ተቀባይዋ "2 ሰዓት ላይ ተበላሸ" ካለች መጀመሪያ ጠዋት ነው ማታ በሏት። ጠዋት ከሆነ የምትፈልጉት 05:00ን ነው። ሌላው ወጥመድ የቀን ሪፖርት ነው። የዩቲሲ እኩለ ሌሊት ለእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ሪፖርቱ እዚያ ላይ ከተቆረጠ የሌሊቱ ግማሽ ወደ ትናንት ይገባና የሆቴሉ ሒሳብ ከእናንተ ቁጥር ጋር አይገጥምም። ሎጉን በዩቲሲ ተዉት፤ ዳሽቦርዱን ግን በአዲስ አበባ ሰዓት እንዲያሳይ አስተካክሉት።

ሎግ ላይ የማይጻፈው ምንድነው?

የይለፍ ቃል፣ ቶክን፣ የማረጋገጫ ኮድ፣ የክፍያ ዝርዝር፣ የፋይዳ ቁጥር። ስልክ ቁጥርም መሃሉ ተሸፍኖ ይጻፍ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የጥያቄውን ሙሉ አካል እንዳለ ሎግ በማድረግ ነው፤ ለፍተሻ የተከፈተች መስመር ሳትዘጋ ትቀራለች። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የእንግዳ መረጃ መያዝ ኃላፊነት አለበት። ከሕጉም በላይ፣ ማን የት ሆቴል ከማን ጋር እንዳደረ የሚናገር ሎግ ሰው ሕይወት ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። አለመጻፍ ከመጠበቅ ይሻላል።

አለርቱ (የማስጠንቀቂያ መልእክቱ) በዛብን፤ ማንም አያየውም።

ያኔ እንደሌለ ነው። አንድ ደንብ ያዙ፦ አለርት ሲመጣ አንድ ሰው ተነስቶ የሚሠራው ነገር ከሌለ አለርት አይሁን፤ ዳሽቦርድ ላይ ይቅር። የሰርቨሩ ሲፒዩ 80 በመቶ ደረሰ ብሎ ሌሊት መቀስቀስ ጥቅም የለውም፤ መልስ በፍጥነት እየተሰጠ ከሆነ ይሥራ።

ለስህተት ሁለት ቅድመ ሁኔታ አጣምሩ፦ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከ2 በመቶ በላይ ቁጥሩ 500 እና ከዚያ በላይ የሆነ የሰርቨር ስህተት፣ እንዲሁም ቢያንስ 10 የተበላሸ ጥያቄ። ሁለተኛው ከሌለ ሌሊት ከመጡ ሦስት ጥያቄዎች አንዱ ሲበላሽ 33 በመቶ ተብሎ ትቀሰቀሳላችሁ። የዝምታ አለርትም ጨምሩ፦ ከጠዋት 3 እስከ ማታ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለአንድ ሰዓት ሙሉ አንድም አልጋ ካልተያዘ ይናገር። ስህተት ቆጣሪ የማያየውን ይህኛው ያያል።

መልእክቱ በቴሌግራም ቦት ቢመጣ ይመቻል። ግን ለብቻው በተከፈተ ግሩፕ ይሁን፤ ወሬ ከሚወራበት ጋር ከተቀላቀለ ይጠፋል። ተረኛም ይኑር። ለሁሉም የተላከ አለርት ሁሉም "እገሌ አይቶታል" ብሎ ያልፈዋል።

ወጪው አያስፈራም?

ሎግ ካልተገደበ ያስፈራል። ክላውድ ላይ ሎግ የሚከፈልበት ባብዛኛው በገባው መጠን ነው፣ ሒሳቡም በዶላር ይመጣል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ያው ሎግ በብር ሲታሰብ እየከበደ ሊመጣ ይችላል። የተሳካውን ጥያቄ ከአሥር አንዱን ብቻ አስቀምጡ፤ የተበላሸውንና የዘገየውን ሁሉንም። የማቆያ ጊዜም ወስኑ። አማዞን ክላውድዋች ላይ ካልነካችሁት ሎግ አይጠፋም፤ ለዘላለም ይከማቻል። አፕሊኬሽን ኢንሳይትስ ራሱ 90 ቀን ያቆያል። የበጀት አለርትም በመጀመሪያው ቀን ይከፈት።

ለፊቼ ጨምበላላ ሰው ሲጎርፍ እንዴት እንዘጋጅ?

የገብርኤል በዓል ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 መሆኑ ይታወቃል፤ አቅሙን ቀድሞ በቀን ማዘጋጀት ይቻላል። ፊቼ ጨምበላላ ግን ቀኑ የሚወሰነው አያንቶዎች (የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪ ሽማግሌዎች) ከዋክብትን አይተው ነው። ስለዚህ በካላንደር የሚነሳ አውቶማቲክ ሥራ ላይ አትተማመኑ። ቀኑ እንደተነገረ አንድ ሰው እጁን አስገብቶ አቅሙን ከፍ ያድርግ።

ሰርቨር ማብዛት ብቻውን ግን ሊጎዳ ይችላል። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ካልተቀየረ 100 ግንኙነት ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ከነሱም ሦስቱ ለአስተዳዳሪ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ሰርቨር 20 ግንኙነት ከያዘ አምስተኛው ሲነሳ ዳታቤዙ ሞልቷል። ክላውዱ "ጭነት በዛ" ብሎ ስድስተኛ ሲያስነሳ ነገሩ ይብሳል። የዳታቤዝ ግንኙነት ብዛት ከዋናዎቹ አራት ግራፎች ጎን ይቀመጥ፤ 80 ሲደርስ አለርት ይስጥ። በሰርቨሮቹና በዳታቤዙ መሃል ግንኙነቶችን የሚያጋራውን ፒጂባውንሰር ማስገባትም ይረዳል።

ሰርተፊኬት (ግንኙነቱን ለማመስጠር የሚያገለግለውን፣ ጊዜው የሚያልፍ ማረጋገጫ) መከታተል ያስፈልጋል?

አዎ። ሰርተፊኬት የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ "ሊያልቅ ነው" የሚል ኢሜይል መላክ አቁሟል። አፕታይም ኩማ ቀሪውን ቀን ይቆጥራል፤ 14 ቀን ሲቀር እንዲናገር አድርጉት። የዶሜይኑንና የምትከፍሉበትን ካርድ ማብቂያ ቀንም እዚያው መዝግቡ።

የድሮውን የኤፒአይ ቨርዥን መቼ እንዝጋ?

አፑ በቴሌግራምና በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ስለሚተላለፍ የዛሬ ዓመት የወጣው ቅጂ ዛሬም ሰው እጅ ላይ አለ። ፕሌይ ስቶር ላይ ማደስ ለነሱ አይደርስም። አፑ በእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱን ቨርዥን በሄደር ይላክ፤ ጌትዌዩ በቨርዥን እየለየ ይቁጠር። ቁጥሩ ሳይወርድ አትዝጉ። የቀሩት እነማን እንደሆኑም እዩ፤ ሦስት ሰዎች ቢሆኑ እንኳ አንዱ የትልቁ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሊሆን ይችላል። እሱ ጋ ሄዶ አዲሱን መጫን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ከዚያ በድሮው አድራሻ ለሚመጣ ጥያቄ 410 (ይህ ተዘግቷል) መልሱ፤ አፑ የሚያሳየው በአማርኛና በሲዳምኛ የተጻፈ አጭር መልእክት፣ ከማውረጃው ሊንክ ጋር አብሮ ይሂድ። የድሮው አፕ መልእክት ማሳየት የማይችል ከሆነ ግን ይህ አይሠራም። ስለዚህ "አሻሽል" የሚለው መልእክት የሚታይበት ቦታ ከመጀመሪያው ቨርዥን ጀምሮ አፑ ውስጥ ይኑር።